ዘሩ ከዳኝ ወይስ እኔ አጠፋሁ?
ስለ ሕዋስ አከፋፈል ለሀብሩ፣ ለመርሳና ለወልድያ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር



  ዛሬ የምናገረው በዓይን ስለማይታይ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጎተራ የሚሞላውም የሚጎድለውም በእርሱ ነው።

ይኸን ንግግር እንዳዘጋጅ ያደረጉኝ አንድ አዛውንት ገበሬ ናቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «አምና ዲቃላ በቆሎ ገዝቼ ዘራሁ፤ እንዲያ ያለ ምርት አይቼ አላውቅም። ዘንድሮ ገንዘብ ስላጠረኝ ከዚያው ከወፋፍራሙ መርጬ ያስቀረሁትን ዘራሁ። ማሳዬ ግን እንደ ገበያ ሰው አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱም ፍሬ የሌለው ሆነ። የልጆቼ የዓመት ቀለብ ነበር። ዘሩ ከዳኝ ወይስ እኔ አጠፋሁ?» ለጥያቄያቸው በአንድ ቃል መልስ መስጠት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው።

ሕዋስ ለምን ይከፈላል?

ሕይወት ያለው ሁሉ፣ ሰውም ከብትም ተክልም፣ ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህ ድንጋይ ራሱን በራሱ የሚያበዛ መሆኑ ነው።

ታዲያ ሕዋሱ ለምን ብቻውን እያደገ አይሄድም? ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ሕዋስ ምግቡንና ውኃውን የሚያስገባው፣ ቆሻሻውንም የሚያስወጣው በዙሪያው ባለው ቆዳ በኩል ነው። ጎኑ እጥፍ ቢሆን ቆዳው አራት እጥፍ ይሰፋል፤ ሆዱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ እያለ ቢሄድ፣ በሩ ጠባብ በሆነ ቤት የሠርግ ታዳሚ ሁሉ እንደ ገባ ያህል ነው፤ ምግቡ ለሁሉም አይደርስም። ስለዚህ ሕዋሱ ሳይጨነቅ በፊት ለሁለት ይከፈላል። ሁለተኛውም ምክንያት የሞተውንና የቆሰለውን ለመተካት ነው። እጃችሁን ማጭድ ቢቆርጠው የሚሽረው በዚህ ነው።

አንደኛው አከፋፈል፤ ማይቶሲስ

በሕዋሱ ውስጥ እንደ እምብርት ያለ ኒውክሊየስ የሚባል ክፍል አለ። በእርሱም ውስጥ ክሮሞሶም የሚባሉ ክር መሳይ ነገሮች አሉ። ተክሉ ምን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነው ትእዛዝ የተጻፈው በእነርሱ ላይ ነው። ቁጥራቸውም ለየዘሩ የተወሰነ ነው፤ ማሽላ 20፣ በቆሎ 20፣ ጤፍ 40፣ ሰው ደግሞ 46 አለው።

ሕዋሱ ሊከፈል ሲል፣ ጸሐፊ ብራና እንደሚገለብጥ፣ አስቀድሞ እያንዳንዱን ክር ይገለብጣል። ከዚያም ክሮቹ ይወፍሩና በሕዋሱ መካከል ይሰለፋሉ። ቀጥሎም ዋናውና ግልባጩ ተለያይተው አንዱ ወደ ላይኛው፣ ሌላው ወደ ታችኛው ጫፍ ይሳባል። በመጨረሻም በመካከላቸው ግድግዳ ይሠራል። ይኸን በዝርዝር ያጠናው ዋልተር ፍሌሚንግ የተባለው የጀርመን ሊቅ ነው፤ ሥራውንም በ1882 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ማይቶሲስ የሚለውም ስም ክር ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

በዚህ አከፋፈል ልጅና እናት አንድ ናቸው። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ 20 ጊዜ ቢከፈል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዋስ ይሆናል። ከአንዲት የማሽላ ፍሬ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አገዳ የሚወጣው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ማሳችሁ ልመልሳችሁ። የማሽላና የበቆሎ ዋና የእድገት ጫፍ ከበቀለ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ከአፈር በታች ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ በረዶ ቅጠሉን ቢቆርጠውም መልሶ ያቆጠቁጣል። የአገዳ ቆርቁር ትል ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ሕዋስ የሚከፈልበትን ያንኑ ጫፍ ይበላል፤ ልቡም ይደርቃል። እንግዲህ ትሉን ገና በቅጠሉ ላይ ሳለ መፈለግ ያስፈልጋል። ደግሞም ሕዋስ ያለ ውኃና ያለ ምግብ አይከፈልም፤ አረም ይኸን በሚሻማበት በመጀመሪያው ወር የምታርሙት እርሻ ብድራችሁን ይከፍላል።

የመርሳ ፍራፍሬ ተካዮችም ይኸን ልብ በሉ። ማንጎ ግራፍት ሲደረግ የሚጣበቀው፣ ከልጡ ሥር ያለችው ቀጭን እርጥብ ሽፋን ከሁለቱም ወገን ስትከፋፈል ነው። የቅርንጫፉና የግንዱ ሽፋን ካልተገናኙ አይያዝም። ከያዘ ግን ፍሬው የመረጣችሁት የእናቲቱ ዛፍ ፍሬ ነው።

ሁለተኛው አከፋፈል፤ ሚዮሲስ

ይህ የሚሆነው በአበባ፣ በእንስሳትም በመራቢያ አካል ውስጥ ብቻ ነው። የማሽላ አበባ ዱቄት 20 ክር፣ እንቁላሉም 20 ክር ቢይዙ ልጁ 40፣ የልጅ ልጁ 80 ይሆን ነበር። ስለዚህ ክሮቹ አንድ ጊዜ ብቻ ተገልብጠው ሕዋሱ ሁለት ጊዜ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱም 10 ብቻ ይደርሰዋል። አሥርና አሥር ሲገናኙ መልሰው 20 ይሆናሉ።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጣ። በሚዮሲስ ጊዜ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ይቆሙና ቁራጭ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም ከየጥንዱ አንዱ በዕጣ ይወጣል። በአሥር ጥንድ ዕጣው ብቻ 1,024 ዓይነት ሊሆን ይችላል። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች መልካቸው የሚለያየው በዚህ ነው።

ጥንዱ ካልተሟላስ? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው፤ በቅሎ 32ና 31 ተቀብላ 63 ይኖራታል። ክሮቿ በትክክል ስለማይጣመዱ ሚዮሲስዋ ይሰናከላል፤ አትወልድም። የምንበላውም ሙዝ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ክር ስላለው እንዲሁ ዘር የለውም፤ የሚራባው ከሥሩ በሚወጣው ቡቃያ ነው። ቡቃያዎቹ ሁሉ አንድ ስለሆኑም አንዱን የሚጥል በሽታ ሁሉንም ይጥላል።

የአዛውንቱ መልስ

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ዲቃላ በቆሎ ለብዙ ትውልድ ለየብቻ ከተራቡ ወላጆች የተገኘ ልጅ ነው። ወላጆቹ የሚሰጡት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ የተገዛው ዘር ወጥ ነው። እርሱ ራሱ ሲያብብ ግን ሚዮሲስ ክሩን እንደ ካርታ ይበውዘዋል። ከበቆሎው ጺም እያንዳንዱ ክር ለየራሱ ፍሬ ዱቄት ስለሚቀበል፣ በአንዱ ራስ ላይ ያሉት ፍሬዎች እንኳ ወንድማማች እንጂ መንታ አይደሉም። ስለዚህ ዘሩም አልከዳም፣ ሰውየውም አላጠፉም፤ ያላወቁት የተፈጥሮን ሕግ ብቻ ነው።

ጤፍ ግን ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከእርሱ ዘር ማስቀረት ይቻላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁንጮ ከነጩ ማኛና ምርታማ ከሆነው ዱከም ተዳቅሎ ነው የተገኘው። መበወዙ ለጉዳት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እወቁ፤ አዲስ ዘር የሚገኘው በእርሱ ነው። አገራችን ያፈራቻቸው ሊቅ ዶክተር ገቢሳ እጄታም አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማግኘታቸው ጭምር በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እዚሁ ሀብሩ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ለአካባቢያችን የሚስማማ ዘር ይመርጣል።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ዲቃላ በቆሎ የምትዘሩ በየዓመቱ አዲስ ዘር ግዙ። ገንዘብ ካጠረ ዲቃላ ያልሆኑትን እንደ መልካሳ-2ና መልካሳ-4 ያሉትን ምረጡ፤ ከእነርሱ ዘር ማስቀረት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የበቆሎ ዘር ስታስቀሩ ከጎረቤት ዱቄት እንዳይደርስበት ከማሳው መካከል፣ ከብዙ ተክል ልቀሙ።

ሦስተኛ፣ ማሽላ አብዛኛውን ራሱን ያዳቅላል፤ ጥቂቱ ግን ከጎረቤት ይቀበላል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳይታጨድ ራሱን በቁሙ የሚመርጡት በጥበብ ነው፤ አትተዉት።

አራተኛ፣ ማንጎ በግራፍት ትከሉ። ፓፓያ ግን ከዘር ስለሚመጣ ወንዴውና ሴቴው ሳያብብ አይታወቅም፤ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ተክላችሁ ሲያብብ ትርፉን ንቀሉ።

አዛውንቱ ይኸን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያስ ለዘሩ የሚሆነውን ገንዘብ አዝመራው ሲገባ ነው ማስቀመጥ» አሉኝ። ከእኔ ንግግር ይልቅ ይህቺን ቃል ይዛችሁ ሂዱ።

ፈጣሪ አዝመራችሁን ይባርክላችሁ።