አሮጌውን ኮምፒውተር ሳንጥል



በቢሯችን ያለው ኮምፒውተር የቁጠባና የብድር መዝገባችንን የያዘ ነው። የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 ግን ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አይደርሰውም። ማሽኑ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም፤ አዲስ እንግዛ ብንል ደግሞ ቁጠባችንን መንካታችን ነው። ሌላም መንገድ አለ። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ሥርዓት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለው ዓይነት፣ በነጻ ይገኛል። 2 ጊጋባይት ራም ይበቃዋል፤ 4 ካለው ደግሞ ይመቸዋል። ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል።

ከሁሉ በፊት ግን ቅጂ እንያዝ። ሥርዓቱ ሲጫን ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። መዝገቡን በሁለት ፍላሽ እንገልብጠው፤ አንዱ ገንዘብ ያዧ ዘንድ፣ ሌላው ጸሐፊዋ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ። በሌላ ኮምፒውተር ከፍተንም መነበባቸውን እንይ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ቀጥሎ የመጫኛውን ፋይል አውርደን፣ ባዶ በሆነ ሦስተኛ ፍላሽ ላይ ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም እናዘጋጀዋለን። ኮምፒውተሩን በዚያ ፍላሽ ስናስነሳው፣ ዲስኩን ሳይነካ ለሙከራ ይከፈታል። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁ ይሰማል? ፕሪንተሩ ያትማል? አንዱ እምቢ ካለ አጥፍተን ፍላሹን እንነቅላለን፤ የነበረው እንደነበረ ነው። ሁሉም ከተሳካ ብቻ እንጭነዋለን።

«አማርኛስ እንዴት እንጽፋለን?» ለምትሉ፣ አይባስ የሚባለውን የጽሑፍ ማስገቢያ ከኤም17ኤን ጥቅል ጋር ጭነን አማርኛን እንመርጣለን። ቃሉን በላቲን ቁልፎች እንደ ድምፁ ስንመታ በፊደላችን ይወጣል።

የኤክሴል መዝገባችንን ሊብሬኦፊስ ይከፍተዋል። ማክሮ ያለበት ፋይል ግን እንደ ቀድሞው ላይሠራ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን ወር ድምር ከወረቀት መዝገቡ ጋር እናመሳክር። አንዲት ብር ብትለያይ ምክንያቷ ሳይታወቅ አንለፍ።

በመጨረሻም፣ ይህን ሥራ ለአንዲት ልጅ ጥለን አንቀመጥ። ቢያንስ አራት ሆነን እንማረው፤ ሁለቱ ሲጭኑ ሁለቱ ደረጃውን በደብተር ይጻፉ። ማሻሻያ መኖሩንም በየሳምንቱ በተራ እንይ። መዝገቡ የሁላችንም ላብ ስለሆነ፣ አጠባበቁን የምታውቅ ሴት አንድ ብቻ ልትሆን አይገባም።