አስተማሪ ያፈሩ ሐኪም
(በጁባ፣ በማኅበራችን ኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ አንድ መምህር እንድናገር ሲጠይቁኝ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን መረጥሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በፖለቲካው ነው፤ በዚያ በኩል እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማንስማማ እንዳለን አላጣሁትም። እኔ የማነሣው ግን ነጭ ጋዋን ለብሰው ያስተማሩበትን ዘመን ነው።

አሥራት በ1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልደው ድሬዳዋ አደጉ። ገና ልጅ ሳሉ አባታቸውን ፋሺስት ጣሊያን ገደለባቸው። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም እስክንድርያ በቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረው፣ በስኮትላንድ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። አገራቸው ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ካገለገሉ በኋላ እንደገና ኤዲንብራ ሄደው የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነው መጡ።

በዚያ ዘመን አገራችን ውስጥ ሐኪም ሲባል በአብዛኛው የውጭ አገር ሰው ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ዶክተር የሚያወጣ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር አሥራት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ በኋላም በዲንነት መርተውታል።

ለእኔ ትልቁ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪም ማፍራት አንድ ነገር ነው፤ ሐኪም የሚያፈራውን መምህር ማፍራት ሌላ ነው። የፋኩልቲው ምሩቃን ስፔሻሊስት ለመሆን ባሕር መሻገር ነበረባቸው፤ ከሄዱትም ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ።

ልጆቻችን እንዲገባቸው አሠራሩን ላስረዳ። ሬዚደንት የሚባለው ተመርቆ ሲሠራ ቆይቶ እንደገና ለትምህርት የሚገባ ሐኪም ነው። ጠዋት ሌሊት የገቡትን በሽተኞች ጉዳይ በመምህራኑ ፊት ያቀርባል፤ «ይህን ለምን አደረግህ? ያንንስ ለምን ተውህ?» እየተባለ ይጠየቃል። ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ መጀመሪያ ይረዳል፤ ቀጥሎ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ራሱ ይቀዳል፤ በመጨረሻ መምህሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይኸው ሰው ከሱ በታች ላሉት ኢንተርኖችና ተማሪዎች አስተማሪ ነው። ጠዋት ተማሪ፣ ማታ መምህር! ከዚህ የተሻለ የመምህራን ማሠልጠኛ አላውቅም። ዛሬ በጎንደርም በጅማም በሐዋሳም ስፔሻሊስቶች ይሠለጥናሉ፤ ይህ ሁሉ ከዚያ ጅምር ጋር የተያያዘ ነው።

በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አሥራት ከአርባ ከሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ጋር ከሥራ ተሰናበቱ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተወዋለሁ። የተማሪው ጉዳት ግን ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ከሬዚደንቱ አጠገብ ቆሞ መቼ እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚል የሚያውቅ ሰው በማስታወቂያ አይቀጠርም፤ ሃያ ዓመት ይፈጃል። በ1986 ታሰሩ፤ በታኅሣሥ 1991 በጠና ታመው ተፈትተው ለሕክምና ወደ ውጭ ሄዱ፤ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ፊላደልፊያ አረፉ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በእንግድነት የተቀበለችን ከተማም ይህን ጉዳት ታውቀዋለች። የጁባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1977 ማስተማር ጀምሮ፣ በ1989 በጦርነቱ ምክንያት ወደ ካርቱም ተዛወረ፤ ለብዙ ዓመታት የጁባ ልጅ በገዛ ከተማው ሐኪም መሆን አልቻለም። እዚህ ሆስፒታል የሚጎድለው መድኃኒትና አልጋ ብቻ ሳይሆን አጠገብ ቆሞ የሚያስተምር ሰውም ነው። በየክሊኒኩ የምትሠሩ ወገኖቼ፣ አጠገባችሁ ያለውን ደቡብ ሱዳናዊ ወጣት ዕቃ አቀባይ ብቻ አታድርጉት፤ ለምን እንዲህ እንደምታደርጉ ንገሩት።

ለሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴም አንድ ልመና አለኝ። በመካከላችን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና መምህራን አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብንሰጥ፣ ለመልቀቂያ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆቻችንን ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ማስጠናት እንችላለን። ከፍ ያሉት ተማሪዎች ደግሞ ታናናሾቻቸውን ያስጠኑ። መዝገቡን አዘጋጅቻለሁ፤ መውጫው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው።