ማጭዱን ከሰቀልንበት እናውርደው

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ መቃብራችን ሣር ጥቂት እንድናገር ስላዘዘኝ ቆሜአለሁ። እኔ እንደምታውቁኝ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ሳስገባና ሳስወጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ስለዚህ የሊቅ ንግግር አትጠብቁ። የምናገረው እጄ የለመደውን፣ ዓይኔ ያየውንና ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ በወጣ ቁጥር የመቃብሩ ቦታ በሣርና በአረም ይዋጣል። ሙጃው ወገብ ይደርሳል፣ ሳማው መተላለፊያ ይዘጋል፣ አሜኬላው ልብስ ይይዛል። ቀብር ሲኖር አስከሬን የተሸከመ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን አያይም። ቀድሞ እድርተኛው ማጭዱን ይዞ ይወጣና በአንድ ጧት ያጠራው ነበር። አሁን የሚወጣው ጥቂት ነው፤ የቀረው መቀጫውን ይከፍልና ይገላገላል። ከዚህ የተነሣ "ከእድሩ ገንዘብ የሣር ማጨጃ ሞተር ይገዛ" የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ የምለው ደግሞ ለዚህ ቦታ ማጭዱ ይሻላል ነው። ምክንያቱን በተራ ላቅርብ፤ ፍርዱ የእናንተ ነው።

በቅድሚያ ሞተሩን ለማጣጣል አለመነሣቴን እወቁልኝ። ሜዳው ሰፊ፣ መሬቱ ለጥ ያለ፣ ድንጋይ የሌለበት ከሆነ፣ ለምሳሌ የኳስ ሜዳ ወይም የመኪና መንገድ ዳር፣ ሞተር የብዙ ሰው ሥራ ይሠራል። ለዚያ ቦታ ማጭድ ይዤ ልሟገት ብል ትስቁብኛላችሁ። የእኛ ቦታ ግን የኳስ ሜዳ አይደለም።

እስቲ መቃብራችንን በዓይነ ልቡናችሁ ዙሩት። ሐውልት የተሠራለት ስንቱ ነው? በሲሚንቶ የተለሰነ ጥቂት አለ። አብዛኛው በድንጋይ ከበባ ብቻ የታወቀ ነው። አንዳንዱም ራስጌና ግርጌ ሁለት ድንጋይ ከመትከል በቀር ምንም የለበትም። በትከሻ ተንጠልጥሎ የሚያዘው ሞተር ጫፉ ላይ የናይለን ክር ወይም የብረት ምላጭ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ያሽከረክራል። ሣር ውስጥ የተደበቀ ጠጠር ሲነካ እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል። ለዚህም ነው አምራቾቹ ራሳቸው ሠራተኛው የዓይን መከላከያ እንዲያደርግ፣ ሌላ ሰው 15 ሜትር ያህል እንዲርቅ የሚያዝዙት። ምላጩ የመቃብር ድንጋይ ሲመታ ወይ ምላጩ ይሰበራል፣ ወይ ድንጋዩ ይናዳል። በማጭድ የሚሠራ ሰው ግን በግራ እጁ ሣሩን ይጨብጣል፣ በቀኙ ያጭዳል። ድንጋዩን ከመምታቱ በፊት እጁ ያገኘዋል። "ይህ የእነ እገሌ አባት ነው" ብሎ ዙሪያውን አስተካክሎ ያልፋል። ለቀን ሥራ የተቀጠረ ባለሞተር ይህንን ከየት ያውቃል?

ሁለተኛው የሞተሩ ስንቅ ነው። እንዲህ ያለው ትንሽ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎለት የሚሠራ ነው፤ እንደ ስሪቱ ለ1 ሊትር ቤንዚን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል። ልኩን የሳተ ሰው ሞተሩን ያቃጥለዋል። ደግሞም አገራችን ደጋ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው በጨመረ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ሞተር ጉና ሥር ሲመጣ ከኃይሉ ሲሶ ያህሉን ትቶ ነው። ማጭድ ግን ደጋም ቆላም ያው ነው፤ የሚጠይቃችሁ ሞረድና ክንድ ብቻ ነው።

በሥራ ዘመኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። የግቢ ሣር ማጨጃ ሞተር ተገዛና በሞዴል 19 ገቢ ሆነ። አንድ ክረምት ሠራ። በሁለተኛው አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰበረች። ዕቃዋ ትገዛ ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈ፣ መልስ ተጠበቀ፣ እንደገና ተጻፈ። እኔ ደብዳቤዎቹን ቁጥር እየሰጠሁ ፋይል አደረግሁ። ሞተሩ በሞዴል 22 ወጪ ሳይሆን ከመጋዘን ቀረ፤ ሣሩን በመጨረሻ ያጨደው ዘበኛው ነው፣ ያውም በማጭድ። መንግሥት ይህን ኪሣራ ይችለዋል። የእድር ገንዘብ ግን የሐዘንተኛ ገንዘብ ነው። ለድንኳንና ለንፍሮ፣ ለቀብር ማስፈጸሚያም የተዋጣ ነው።

ሦስተኛው ሣሩ ራሱ ነው። እኛ ሣርን እንደ ቆሻሻ አናየውም፤ የከብት ቀለብ ነው። ማጭድ ሣሩን ከነቁመቱ ስለሚያስተኛው ይታሰራል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ስንደዶውንና አክርማውን እናቶች ለይተው ለስፌት ይወስዱታል። ባለክሩ ሞተር ግን ይቆራርጠውና ይበትነዋል። ይባስ ብሎ ክሩ እየተበጠሰ ቁርጥራጩ ከሣሩ ጋር ይቀራል። ናይለን የበላች ላም ምን እንደምትሆን ለእናንተ አልነግርም።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል ብዬ ያቆየሁት ነው። ይኸውም የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ብዙዎቻችሁ "እመጓ" በተባለው መጽሐፋቸው ታውቋቸዋላችሁ። እኒህ ሰው የደን ባለሙያ ናቸው። የእኛኑ የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። ከባልደረቦቻቸው ጋር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ቆጥረዋል። ከብት እንዳይገባ በታጠረ ቦታም ችግኙ ይበልጥ እንደሚበቅልና እንደሚጸድቅ አሳይተዋል። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የድንጋይ አጥር የተሠራውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አጥር ሲታጠር ከብት አይገባም፤ ከብት ካልገባ ሣሩ ያድጋል፤ ሣሩ ካደገ የግድ መታጨድ አለበት። ከሣሩ ውስጥ ደግሞ ጣት የምታህል የጥድ፣ የወይራና የኮሶ ቡቃያ አለች። ሞተሩ ሣርና ችግኝ አይለይም። ከከብት ያዳንነውን ችግኝ ለሞተር አሳልፈን ከሰጠነው የአጥሩ ድካም ምን ረባን? ማጭድ የያዘ ሰው ግን ችግኟን ሲያገኝ ዙሪያዋን አጽድቶ ይተዋታል። ፀረ አረም ይረጭ ላላችሁትም መልሴ ይኸው ነው፤ ሁሉን የሚያደርቀው መድኃኒት ችግኙንም ያደርቃል።

አሁን ስለ አስተጫጨዱ። ሥራው ማጭድ ስለያዙ ብቻ አይሰምርም፤ ቀኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አረም አብቦ ፍሬ ሳያፈራ ከታጨደ ለከርሞ ይቀንሳል። ፍሬው ከረገፈ በኋላ ማጨድ ግን ዘር መዝራት ነው። እኛ በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ ስንወጣ ሙጃው ፍሬውን አራግፎ ይጠብቀናል። ስለሆነም አንዱን በነሐሴ መጨረሻ፣ ሁለተኛውን ከመስቀል በኋላ ሳንዘገይ ብናደርገው ይበጃል። ሰዓቱም ጧት ነው፤ ጤዛ ያለበት ሣር ለስለስ ይላል፣ ለስለት ይመቻል። ዶልዱም ማጭድ ሣሩን ይነቅላል፣ ክንድም ያደክማል፣ እጅም ይቆርጣል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሳሉት፤ በመካከልም ዕረፍት ስታደርጉ ሳሉት።

ለሁሉም አረም ማጭድ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ሰርዶ ሥሩ ከመሬት ውስጥ ስለሚሄድ በማጨድ አይጠፋም፤ ግን አፈር ስለሚይዝና ስለማይረዝም በመቃብሩ ላይ ቢቀር አይጎዳም። በቆላው በኩል የምትኖሩ ደግሞ ቅንጨ የሚባለውን አረም ካያችሁ ሳያብብ ከነሥሩ ንቀሉት። አንዱ ግንድ ከ10,000 በላይ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። ቆዳም ስለሚያሳክክ እጃችሁን ሸፍኑ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታወቀውን እምቦጭ አስታውሱ። ማሽን መጣለት፤ ሆኖም ጥልቀት በሌለው ዳር ዳሩን ሕዝቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ የተደረገውም በሰው እጅና በማሽን ነበር። ማሽን የማይደርስበት ቦታ አለ ማለት ነው።

የማጭድ አንድ ጉድለት አልደብቅም፦ ወገብ ያማል። ጎንበስ ብሎ መዋል ለእኔ ዕድሜ ከባድ ነው። ፈረንጆች ቆመው የሚያጭዱበት ረጅም እጀታ ያለው፣ ምላጩም ክንድ የሚያህል ማጭድ አላቸው። በሩማንያ ተራራማ አገር ገበሬው ዛሬም ድርቆሽ ያጭድበታል። ሞተር በሞላበት በእንግሊዝ አገር እንኳ ወደዚህ ማጭድ የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ በማጨድም ይወዳደራሉ። ይህኛው ለሰፊ ሜዳ እንጂ ድንጋይ ለሞላው መቃብር አይሆንም። ለትምህርት ቤቱ ሜዳ ግን ሠርቶ የሚሞክርልን ባለ እጅ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ባለ እጅ ካልሁ አይቀር፣ ማጭዳችንን የሚሠራልን ማን ነው? ብረት አግሎ የሚቀጠቅጠው ወንድማችን ነው። አባቶቻችን በማጭዱ አጭደው እየበሉ ሠሪውን ግን ይሰድቡት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል። ቅርባችን ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋትም በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ናት። ስለዚህ ለሞተር የታሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለእኒህ ሰዎች ይድረስ፤ እኛም በስማቸው እንጥራቸው።

ባጭሩ ሐሳቤ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ አይገዛ፤ 30 ማጭድና ጥቂት ሞረድ ተገዝቶ በእድሩ ንብረት መዝገብ ይግባ። ሁለተኛ፣ የአጨዳው ቀን በዓመት ሁለት ይሁን፤ በዓል የማይውልበት ቀን ከሰበካ ጉባዔው ጋር ይመረጥ። ሦስተኛ፣ ከዋዜማው ሁለት ሰው ዞሮ በየችግኙ አጠገብ ችካል ይትከል። አራተኛ፣ ሣሩ ላም ላላቸው ባል ለሞተባቸው እናቶች ቅድሚያ ይሰጥ፤ የተረፈው በጨረታ ተሸጦ ለእድሩ ገቢ ይሁን። አምስተኛ፣ መቀጫ ከፍሎ መቅረት ይቁም። የታመመና ያረጀ ይማራል፤ ጤነኛው ግን ራሱ ይምጣ፣ ካልተመቸው ልጁን ይላክ።

ይህንን የመጨረሻውን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። አንድ ጥማድ የሚያህል ሣር ለብቻው የሚያጭድ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። አሥር ሰው ከወጣ ግን ቀትር ሳይሆን ያልቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም? ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ተሰባስበን እድር ያቆምነው ሰው ሰውን እንዲቀብር ነው። ገንዘብ ማንንም አይሸከምም። ልጆቻችን ማጭድ ይዘው በመጡ ጊዜ የአያታቸው መቃብር የት እንደሆነ ያያሉ። ሞተር ገዝተን እነርሱ ከቤት ከቀሩ ግን ሣሩ ይጠራ ይሆናል፤ መቃብሩን የሚያውቀው ግን ከእኛ ጋር ያልቃል።

በመጪው አጨዳ ወገቤ እንኳ ባይፈቅድ ማጭድ ለመሳል እመጣለሁ።