ከሚዛን የሚላክ አንድ መስመር



ሐኪም ስለ ኮምፒውተር ትእዛዝ ምን አገባት እንዳትሉኝ። እኛ ዘንድ፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ቡናው ባለበት ቆላ ወባም አለ። ቁጥሩ ከዘገየ ወረርሽኙን የምናየው ካለፈ በኋላ ነው።

ሪፖርት የምንልክበትን ዲኤችአይኤስ 2ን ታውቁታላችሁ፤ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ከገጹ ጀርባ ኤፒአይ የሚባል በር አለው። ከርል በተባለው ፕሮግራም አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ ማንኳኳት ይቻላል። ኔትወርክ ሲደክም ገጹ ሳይጫን ቁጥሩ ብቻ ይሄዳል።

እኔ የምወድለት ግን ሌላ ነው። መሃል ላይ መስመሩ ተቋረጠ እንበል፤ ደረሰ ወይስ አልደረሰም? መርፌ ቢሆን መሰጠቱ ሳይጣራ አይደገምም። ይሄን ግን ድገሙት! ተቋሙ፣ ጊዜውና የመረጃው መለያ እስካልተቀየሩ ድረስ አዲሱ ቁጥር አሮጌውን ይተካል እንጂ አይደመርበትም። 12 ታማሚ 24 አይሆንም።

መልሱ 401 ከሆነ መግቢያችሁን ፈትሹ። 200 ሲመጣም ቶሎ አትደሰቱ፤ ስንት ገባ፣ ስንት ተጣለ የሚለውን ከሥሩ አንብቡ። ሳይመዘግብ የሚሞክር ድራይ ረን የሚባል አማራጭም አለ፤ መጀመሪያ እሱን። ፓስወርድ ደግሞ መስመሩ ላይ አይጻፍ፤ ኮምፒውተሩ የትእዛዝ ታሪክ ያስቀምጣል፣ በጋራ ማሽን ላይ ተረኛው ያነበዋል።

መምህሮቻችን፣ ለተማሪዎቹ ሁለት ሰዓት ብትሰጡልን? መለማመጃ ሰርቨሩን ኦስሎዎቹ በነፃ ከፍተውታል።