የሚልዎኪ ወጣት ቡድንና የአንዲት ሳንቲም ዕድል



ዛሬ ልናገር የመረጥሁት ስለ አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ነው። የቀኑን መዝገብ ዘግታችሁ ከቢሮ ለተመለሳችሁ ሁሉ ነገሩ የጨዋታ ወሬ ብቻ መስሎ እንዳይታያችሁ እለምናለሁ፤ አዲስ የተቋቋመ ሥራ በምን ኃይል እንደሚቆም የሚያሳይ ነውና። ዘመኑን የምቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት የምትገኘው ሚልዎኪ ሁለት ጊዜ የተከዳች ከተማ ነበረች። ሆክስ የተባለው የቅርጫት ኳስ ቡድን በ1955 ወደ ሴንት ሉዊስ ተነሥቶ ሄደባት፤ ብሬቭስ የተባለው የቤዝቦል ቡድንም ከ1965 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ አትላንታ ተሻገረ። ስለዚህ በ1968 ባክስ፤ ትርጓሜውም ወንድ አጋዘኖች ማለት ነው፤ የሚባል አዲስ ቡድን ሲቋቋምላት ሕዝቡ ቢጠራጠር የሚፈረድበት አልነበረም።

የመጀመሪያው ዓመት ውጤት የሚያኮራ አልሆነም። ከ82 ግጥሚያ ያሸነፈው በ27ቱ ብቻ ነው። በዚያ ማኅበር ሕግ ግን መሸነፍም ዋጋ አለው፤ በየምድባቸው መጨረሻ የወጡት ሁለቱ ቡድኖች ሳንቲም ተጥሎላቸው ዕጣ የወጣለት ከአዲሶቹ ተጫዋቾች አንደኛውን አስቀድሞ ይመርጥ ነበር። በዚያ ዓመት የሚፈለገው ሊዊስ አልሲንዶር ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ18 ሲሆን፤ በሎስ አንጀለስ የሚገኘውን ዩኒቨርሲቲውን ለሦስት ተከታታይ ዓመታት የኮሌጆች ሻምፒዮን አድርጎታል።

በመጋቢት 1969 ሳንቲሙ ለሚልዎኪና ለፊኒክስ ተጣለ። የፊኒክስ ሰዎች አስቀድመው ደጋፊዎቻቸውን በጋዜጣ ድምፅ አስጠይቀው፤ ሕዝቡ «የሰው ራስ ያለበት ፊት ይሁን» ብሎ ነበርና ይህንኑ ጠሩ። ሳንቲሙ በጀርባው ወደቀ። በሕዝብ ድምፅ መመራት መልካም ነው፤ ሳንቲም ግን ድምፅ አይሰማም።

በሚከተለው ዓመት ቡድኑ 56 ግጥሚያ አሸነፈ። እንዲህም ሆኖ በምድቡ የመጨረሻ ግጥሚያ ለኒው ዮርክ ተረታ።

ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ከሳንቲሙ አያልፉም። እኔ ግን ሳንቲሙ ወጣቱን አመጣ እንጂ ዋንጫውን አላመጣም እላለሁ። በሚያዝያ 1970 የቡድኑ መሪዎች ሁለት ተጫዋቾች ሰጥተው ኦስካር ሮበርትሰንን ከሲንሲናቲ ወሰዱ። ዕድሜው 31 ነበር። ይህ ሰው በ1961-62 የውድድር ዘመን ነጥብ በማግባት፤ ኳስ በማቀበልና የተመለሰ ኳስ በመያዝ በየግጥሚያው በአማካይ ከአሥር በላይ በመሥራት የመጀመሪያው ነበር፤ ሆኖም በሲንሲናቲ አሥር ዓመት ሲደክም አንድም ጊዜ ሻምፒዮን አልሆነም። የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት በመሆኑም በዚያው ዓመት ሊጉን በፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። ከሳሽና ያረጀ ሠራተኛ ነው ብሎ የሚተወው አለቃ ባልጠፋም ነበር። የሚልዎኪ መሪዎች ግን የጐደላቸውን ዐወቁ፤ ረጅሙ ወጣት ኳሱን በሚሻበት ስፍራና በሚሻበት ቅጽበት የሚያደርስለት ሰው ያስፈልገው ነበርና።

በአሠልጣኙ በላሪ ኮስቴሎ መሪነት በ1970-71 ቡድኑ 66 ጊዜ አሸነፈ፤ ከዚህም ውስጥ 20ው በተከታታይ ነው። በመጨረሻውም ባልቲሞርን 4 ለ 0 ረትቶ በሚያዝያ 30 ቀን 1971 ሻምፒዮን ሆነ። ከተመሠረተ ሦስተኛው የውድድር ዘመኑ ነበር፤ በዚያ ማኅበር አዲስ የተጨመረ ቡድን እንዲህ ፈጥኖ ለዋንጫ የበቃበት ጊዜ የለም።

አልሲንዶር በዚያው ዓመት ስሙን ካሪም አብዱል ጃባር አሰኘ። በ1974 ቡድኑ በሰባተኛው ግጥሚያ ለቦስተን ተሸነፈ፤ ሮበርትሰንም ጨዋታ አቆመ። በ1975 ካሪም በራሱ ጥያቄ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ሁለተኛው ዋንጫ ወደ ሚልዎኪ የገባው በ2021፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ቡድኑ ግን ከከተማዋ አልወጣም።