ዛንዚባር፦ ዕቅዱን ውሃው ይምራው

ወደ ዛንዚባር ለዕረፍት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚመርጠው ሆቴሉንና የሽርሽሩን ዓይነት ነው። መቅደም ያለበት ግን ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ነው። በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትጠፋ ልዩነቱ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ጠዋት ደረት ድረስ የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ርቆ ይሸሽና ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተጋድመው ይቀራሉ። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ለሰኞ የተመቸ ዕቅድ ለዓርብ አይሆንም።

«ታዲያ በስተሰሜን ኑንግዊ ማረፍ አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ለመዋኘት ብቻ ከሆነ እውነት ነው፤ እዚያ ውሃው ብዙ አይርቅም። ነገር ግን በምሥራቁ ዳርቻ ሴቶች በችካልና በገመድ መካከል ጎንበስ ብለው ያለሙትን የባሕር አረም ሲሰበስቡ የሚታየው ውሃው ሲጎድል ነው፤ ሥራ ላይ ናቸውና ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ያው ሰዓት የጆዛኒ ደንን ቀይ ጉሬዛዎች ወይም የስቶን ታውንን ጠባብ መንገዶች ለማየትም ይመቻል። ዕረፍት በሰዓት መታሰር የለበትም ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፤ ሰዓቱን ያላወቀ ሰው ግማሽ ቀን ውሃ ሲጠብቅ ይውላል። ስለዚህ ለጀልባ ጉዞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የዚያን ቀን የውሃ ሰዓት ጠይቁ።