የሳሳ አየር፣ የሞላ አዳራሽ፦ የአየር ፍሰት ሲሙሌሽን ለመድረክ አዳራሾቻችን



ነፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ስሙ ነፋስንና ድምፅን አጣምሯል፤ የዛሬው ርእሳችንም ሁለቱን በአንድ አዳራሽ ውስጥ ማስታረቅ ነው።

በጀሞ ወይም በለቡ፣ በጋራ መኖሪያ ቤቶች አጠገብ፣ 1,000 ተመልካች የሚይዝ የቴአትርና የሙዚቃ አዳራሽ ይሠራ እንበል። መስኮቱ ቢከፈት ሙዚቃው ጎረቤትን ይረብሻል፤ የመንገዱም ጩኸት የተዋናዩን ቃል ይውጠዋል። ቢዘጋ ሙቀቱና የተተነፈሰው አየር ይታመቃሉ። ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ወደ አየሩ 70 ዋት ያህል ሙቀት ይለቅቃል፤ የ1,000 ሰው ሙቀት፣ የመድረኩ መብራት ሳይቆጠር፣ 70 ኪሎ ዋት ይሆናል።

ይህን ሙቀት ለማውጣት ምን ያህል አየር ያስፈልጋል? ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ መሆናችን መልሱን ይለውጠዋል። በባሕር ጠለል 1 ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በአዲስ አበባ 0.9 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። የሚገባው አየር እስኪወጣ ድረስ በ8 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ ብንፈቅድ፣ በዚያ በሰከንድ 7 ሜትር ኩብ ገደማ የሚበቃው በእኛ ከ9 ይበልጣል። ጉድለቱን ማራገቢያውን በማፍጠን ብቻ እንሙላ ብንል ደግሞ ጩኸቱ ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ድምሩ ትክክል ሆኖም አየሩ ለሁሉም እኩል ላይደርስ ይችላል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሰገነት ላይ የተቀመጠው ይታፈናል። ሲሙሌሽን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አዳራሹን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ የአየሩን ፍጥነትና ሙቀት ያሰላል። ቀዝቃዛውን የምሽት አየራችንን ድምፅ በሚያፍኑ ቱቦዎች አሳልፈን፣ ከወንበር ሥር በዝግታ ብናስገባና በጣሪያ ብናስወጣ ምን እንደሚሆን፣ የማንም እግር ይበርደው እንደሆነ፣ አርማታው ከመሞላቱ በፊት እናያለን።

ነገር ግን ፕሮግራሙ በራሱ የሚይዘው አየር አብዛኛውን ጊዜ የባሕር ጠለል አየር ነው፤ ካልቀየርነው ያማረ ሥዕል ሠርቶ የተሳሳተ መልስ ይሰጠናል። የአየሩ ሽክርክሪትም የሚሰላው በግምታዊ ቀመር ስለሆነ ውጤቱ በልኬት መፈተን አለበት።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ሥራ ይህ ነው፦ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የብሔራዊ ቴአትርን የመሰለ አዳራሽ፣ ተመልካች በሞላበት ምሽት፣ ሙቀቱንና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን በተለያየ ከፍታ ለኩ፤ ከዚያም ስሌታችሁን ከልኬቱ ጋር አስተያዩ። የሚቀጥለው አዳራሽ ዲዛይን ሊመሠረት የሚገባው በዚህ በተፈተነ ቁጥር ላይ ነው።